አድራሻውን ማን ይያዝ?

አንድ የክፍያ ፕሮግራም የዳታቤዙን አድራሻ በኮዱ ውስጥ ጽፎ ከያዘ፣ ሰርቨሩ በተቀየረ ቁጥር ኮዱን ከፍቶ ማረም ግድ ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮንሰል የተባለ የአገልግሎቶች መዝገብ ሶፍትዌር ይህን ሸክም ያቃልላል፤ አገልግሎቶች በስምና በአድራሻ ይመዘገቡበታል፣ በትክክል መሥራታቸው በየጊዜው ይፈተሻል፣ የተበላሸው ለጠያቂው ፕሮግራም ከሚሰጠው መልስ ይወጣል። ጠያቂው ስም ብቻ ይጠራል። የፕሮግራሙ ቅንብሮችም እዚያው ይቀመጣሉ።

«ሁሉን አንድ ቦታ ማኖር አያሰጋም ወይ?» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መዝገቡ በ5 ሰርቨሮች ሲያዝ 2ቱ ቢወድቁም ሥራው ይቀጥላል፤ መጨናነቅን ግን ይህ አይመክትም። በኦክቶበር 2021 ሮብሎክስ የተባለው የጨዋታ መድረክ ኮንሰል ተጨናንቆበት ለ73 ሰዓታት ተቋርጧል፤ የክትትል መሣሪያዎቹም በዚያው ላይ ተደግፈው ስለነበር መንስኤውን ማግኘት ከበደ። ስለዚህ መጣል ያለበት መዝገቡ አይደለም፤ የሚጠብቀውን ዓይን ከእሱ መለየት ነው የሚያስፈልገው።