የጎረቤት ጉድጓድና የነዳጅ ዘይት ተስፋ



በዳንግላ ገጠር የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈር ያሰበ ገበሬ አስቀድሞ ጎረቤቱን «አንተ በስንት ክንድ ውኃ አገኘህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ድካሙን ያቀልለታል፤ በመካከላቸው አለት የተጋረደ እንደሆነ ግን ያው መልስ ያሳስተዋል። ነዳጅ ዘይት ፈላጊዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ይልቁንም በባሕር ላይ አንድ ጉድጓድ መቆፈር እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ በአጎራባች የፈቃድ ክልል የተገኘውን መረጃ ሳይመረምሩ መቆፈሪያ ማቆም ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

የዚህን ዘዴ ጥቅምና ጉድለት እኛም በየብስ፣ በደቡብ ኦሞ አይተነዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ቱሎ ኦይል የተባለው ኩባንያ በኬንያ፣ በቱርካና፣ ንጋሚያ በተባለው ጉድጓድ ዘይት አገኘ። ደቡብ ኦሞም በዚያው በስምጥ ሸለቆ መስመር ስለሚገኝ ተስፋው ወደ እኛ ተሻገረ። በ2013 የተቆፈረው ሳቢሳ ዘይት ሊያጠራቅም የሚችል አሸዋማ ድንጋይ፣ የሚከድን ወፍራም የሸክላ ድርብርብና የሃይድሮካርቦን ምልክት አሳየ። ከዚያ በስተምሥራቅ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተቆፈረው ቱልቱሌ ግን ዘይት አልተገኘበትም። በ2014 በጨው ባሕር ተፋሰስ የተቆፈሩት ሺሜላና ጋርዲምም የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ ዘይት አላሳዩም።

የኬንያው መረጃ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆው በመደዳ እንደተደረደሩ ጋኖች ነው እንጂ አንድ ረጅም ገንዳ አይደለም፤ በአንዱ ጋን ጠላ ቢገኝ የሚቀጥለው ባዶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የፈቃድ ማመልከቻ የሚመረምር ሹም ሒሳቡን እንዴት ያድርግ? ዘይት ይገኝ ዘንድ አራት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ እነርሱም የሚያመነጭ ደለል፣ የሚያጠራቅም ድንጋይ፣ የሚከድን ድርብርብና ዘይቱን አግዶ የሚያስቀር የመሬት ቅርጽ ናቸው። የእያንዳንዱ ተስፋ ግማሽ ነው ብንል፣ አራቱ ሲባዙ ከ16 አንድ ይሆናል። የጎረቤት ጉድጓድ አንዱን ፈጽሞ ቢያረጋግጥልን እንኳ ከ8 አንድ ነው። ማመልከቻዎች ይህን ማባዛት መዝለል ይወዳሉ።

አንድ የእንጅባራ ወዳጄ «በወረኢሉ ዘይት ከመሬት ከመነጨ እኛስ?» ብሎኛል። በአባይ ሸለቆ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ተገልጦ ስለሚታይ ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የወረኢሉ ምንጭ የሚመሰክረው በዚያ ስፍራ የሚያመነጭ ደለል መኖሩን ብቻ ነው፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ለእንጅባራ የሚነግረው የለም። በመካከላቸውም አባይና የጎጃም ደጋ አለ።