ባትሪውና ግኝቱ፦ የዱር እንስሳት መቅረጸ ድምፆች ቴክኒካዊ መመዘኛና የኃይል ምርጫ በደጋ መስክ
(የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲነበብ የዕቃ ግዥ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለ ባትሪ መናገር ለቴክኒሻን እንጂ ለተመራማሪ አይገባም የሚል አስተያየትም አንዳንዴ እሰማለሁ። የእኔ ክርክር ግን ይህ ነው፦ በመስክ ላይ በሚቀመጥ መቅረጸ ድምፅ ውስጥ የገባው የባትሪ ዓይነት የጥናቱን ውጤት ሊለውጥ ይችላል። ከዚያም አልፎ ለውጡ ምንም ዓይነት የብልሽት ምልክት ሳያሳይ፣ እንደ እውነተኛ ግኝት ተቆጥሮ ሊታተም ይችላል።

ዘዴው ራሱ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ተመራማሪው ጫካ ውስጥ ቆሞ ወፍ ከመቁጠር ይልቅ አነስተኛ መሣሪያ ከዛፍ ግንድ ወይም ከእንጨት ላይ አስሮ ይመለሳል። መሣሪያው በተሰጠው የሰዓት ሰሌዳ መሠረት ይነቃል፣ ይቀርጻል፣ ይተኛል። ከሳምንታት በኋላ የተከማቸው ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ዛሬ እንደ በርድኔት ያሉ ፕሮግራሞች ድምፁን በሦስት በሦስት ሰከንድ እየቆራረጡ የወፉን ዝርያ ይገምታሉ። እንደ ሐረና ባለ ጥቅጥቅ ጫካ ከሚታየው የሚሰማው ስለሚበዛ የዘዴው ጥቅም አያከራክርም።

ወደ መመዘኛዎቹ ልግባ። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቀው የናሙና ፍጥነት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የድምፁን ሞገድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚገልጸው ቁጥር ነው። በናይክዊስትና በሻነን ስም የሚጠራው ደንብ እንደሚለው፣ አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ የናሙናው ፍጥነት ከድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት። የአብዛኞቹ ወፎች ዜማ ከ10 ኪሎኸርዝ በታች ስለሆነ 32 ወይም 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። የሌሊት ወፎች አካባቢያቸውን የሚያስሱበት ጩኸት ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 120 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ 256 ወይም 384 ኪሎኸርዝ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ጫፍ ዝሆን አለ። የዝሆን ጉርምርምታ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ከ20 ኸርዝ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ በባቢሌ ዝሆኖችን በድምፅ ልከታተል የሚል ተማሪ ከናሙናው ፍጥነት ይልቅ ማይክሮፎኑ ወደ ታች እስከ ምን ድረስ እንደሚሰማ መጠየቅ ይኖርበታል።

ፍጥነት ሲጨምር ወጪውም አብሮ ይጨምራል። በ16 ቢት፣ በአንድ ማይክሮፎን፣ በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀርጽ መሣሪያ በሰዓት 345.6 ሜጋባይት፣ በቀን 8.3 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። በ384 ኪሎኸርዝ ይህ ስምንት እጥፍ ሆኖ በቀን ከ66 ጊጋባይት ያልፋል። ይህ ሁሉ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሲጻፍ ኃይል ይበላል። ካርዱ የሚወስደው ኃይል ደግሞ ወጥ አይደለም፤ በሚጽፍበት ቅጽበት የሚስበው ኮረንቲ በድንገት ከፍ ይላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ማይክሮፎንና ስለ ፋይል ዓይነት ብዙ አልልም። የማይክሮፎኑ የራሱ ሹክሹክታ ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ እርጥበት የማይክሮፎንን ስሜት እየቀነሰ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ድምፁም ባልተጨመቀ ፋይል ይቀመጥ። ዘፈን ለማዳመጥ የተሠራ መጭመቂያ ለሰው ጆሮ አያስፈልግም ብሎ የሚጥለው ክፍል፣ እኛ የምንፈልገው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛውን ልግዛ?» ብለው ነው። በሳውዝሃምፕተንና በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የተሠራው ኦዲዮሞዝ በመዳፍ የሚያዝ፣ በሦስት ትንንሽ ድንጋዮች፣ ማለትም በተለምዶ ደብል ኤ በምንላቸው፣ የሚሠራና እስከ 384 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ስዊፍት ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ሶንግ ሚተር ኤስ ኤም 4 ደግሞ አራት። የእኔ መልስ ግን ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፦ የት ልታስቀምጠው ነው? በየትኛው ወር? በስንት ሰዓት?

አሁን ወደ ኃይሉ ስሌት እንሂድ። አንድ መሣሪያ ሲቀርጽ በአማካይ 30 ሚሊዋት ይፈጃል እንበል። ሦስት አልካላይን ድንጋይ፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልትና 2,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ቢኖረው፣ በድምሩ 11.25 ዋት-ሰዓት ይሆናል። መሣሪያው ግን ድንጋዩን እስከ መጨረሻው አያሟጥጥም፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ይዘጋል። ስለዚህ 9 ዋት-ሰዓት ብቻ ብንጠቀም 300 ሰዓት፣ ማለትም አሥራ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ያለማቋረጥ ይቀርጻል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲቀርጽ ብናዝዘው ሰባ አምስት ቀን እናገኛለን፤ በእንቅልፍ ጊዜ የሚፈጀው ትንሽ ኃይል ከዚህ ይቀነሳል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ የተሰላው በክፍል ሙቀት መሆኑ ነው።

በገጠር ያደጋችሁ ሁሉ የምታውቁት ልማድ አለ። የሬድዮው ድምፅ ሲሰልል ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ ሬድዮው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይናገራል። ይህን እንደ ተረት የሚቆጥሩ አሉ፤ ኬሚስትሪው ግን ከአባቶቻችን ጋር ነው። የተለመደው ድንጋይ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በውኃ ላይ የተመሠረተ ነው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚሄዱት አዮኖች ይዘገያሉ፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ መሣሪያው ኮረንቲ ሲስብ ቮልቴጁ ይወድቃል። ሲሞቅ ይህ ይገለበጣል። ፀሐይዋ አዲስ ኃይል አልጨመረችም፤ ታስሮ የቀረውን እንዲወጣ አደረገች እንጂ።

ይህን ልማድ ወደ ሳኔቲ አምባ እንውሰደው። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሚበረታው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ወፎች በኅብረት የሚዘምሩበት፣ ቆቁ ከአስታው መካከል የሚጮኽበት፣ እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንፈልገው ሰዓት ነው። በአልካላይን ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ በዚያ ሰዓት ነቅቶ መቅረጽ ይጀምራል፤ ካርዱ ሊጽፍ ኮረንቲ ሲስብ ቮልቴጁ ወድቆ ይዘጋል። ረፋዱ ላይ ድንጋዩ ይሞቃል፤ መሣሪያው በሰሌዳው መሠረት ነቅቶ ያለ ችግር ይቀርጻል። እንደ ሬድዮው ድንጋይ በየቀኑ ይሞታል፣ በየቀኑ ይነሣል።

ተመራማሪው በእኩለ ቀን ወደ ጣቢያው ሲመጣ ድንጋዩን በመለኪያ ይለካል፤ ደኅና ነው። ካርዱን ይከፍታል፤ ከእያንዳንዱ ቀን ፋይል አለ። ሁሉም መልካም ይመስላል። የጎደለው በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያም የተፈለገው ሰዓት።

የሚያሳስበኝ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። ከሐረና ጫካ የታችኛው ክፍል፣ ከ1,500 ሜትር አካባቢ ተነሥተን እስከ ሳኔቲ ድረስ ጣቢያዎችን በከፍታ ደርድረን የዝርያዎችን ብዛት እናጥና እንበል። ሙቀት በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ በታችኛውና በላይኛው ጣቢያ መካከል አሥራ ስድስት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። የታችኞቹ መሣሪያዎች ሌሊቱን ሙሉ ይቀርጻሉ፤ የላይኞቹ በንጋት ይዘጋሉ። ውጤቱን ስናወጣ የዝርያዎች ብዛት ከከፍታ ጋር እየቀነሰ ሲሄድ እናያለን። ይህ ደግሞ ሁላችንም ከመጽሐፍ የምንጠብቀው ነው! ተፈጥሮ በእርግጥም ወደዚያው አቅጣጫ ታዘነብላለችና ገምጋሚው አይጠራጠርም፣ አማካሪው አይጠራጠርም፣ ተማሪውም ደስ ይለዋል። ከዚያ ቁልቁለት ውስጥ ስንቱ የወፎቹ፣ ስንቱ የባትሪው እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። ከተጠበቀው ውጤት ጋር የሚቃረን ብልሽት ቶሎ ይታወቃል፤ ከሚጠበቀው ጋር የሚስማማው ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ተመራማሪ በተሻለ ባትሪ ጥናቱን ሲደግም «ዝርያዎች ወደ ላይ ወጥተዋል፣ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ሊል ይችላል። የጥበቃ ውሳኔም በዚያ ላይ ይመሠረታል።

ስለዚህ የድንጋዩ ምርጫ ምን ይሁን? በየሱቁ የሚሸጠውን ርካሹን ዚንክ-ካርቦን ለዚህ ሥራ አላስበውም፤ አቅሙ ከአልካላይን ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ ሲያረጅም ፈሳሽ አውጥቶ መሣሪያውን ይበላል። አልካላይን ለሐረና ይበቃል። ለአምባው ከሁሉ የተሻለው ሊቲየም-አይረን ዳይሰልፋይድ የሚባለው የማይሞላ ድንጋይ ነው። ፈሳሹ ውኃ ስለሌለበት አምራቾቹ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ እንደሚሠራ ይገልጻሉ፤ ክብደቱም ከአልካላይን በሲሶ ያህል ያንሳል፣ ይህም ዕቃውን በፈረስ ጭኖ ለሚወጣ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው።

በመካከል ያለው ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ፣ እየተሞላ የሚያገለግለው፣ ለእኛ በጀት ከሁሉ የሚስማማ ይመስለኛል። ብርድን ከአልካላይን በተሻለ ይቋቋማል። ቮልቴጁ ግን 1.2 ስለሆነ ሦስቱ ተደርድረው 3.6 ቮልት ብቻ ይሰጣሉ፤ መዝጊያ ደረጃው ከዚህ የቀረበ መሣሪያ ገና ሞልታችሁ ስትከቱት «አልቋል» ሊላችሁ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሰነዱን ፈልጋችሁ ያን አንድ ቁጥር አንብቡ። ትልልቁ ድንጋይም ራሱን የቻለ መፍትሔ ነው፤ ያው ኮረንቲ ከሰፊ ገጽ ላይ ስለሚወጣ ቮልቴጁ በብርድ ያን ያህል አይወድቅም።

ሶላር የሚሉኝ አሉ። በሐረና ጥላ ሥር ፋይዳው ጥቂት ነው። በአምባው ላይ ፀሐይ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሊቲየም-አዮን ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ከተሞላ በውስጡ ሊቲየም በብረት መልክ እየተለጠፈ ይበላሻል፣ አደገኛም ይሆናል። የማለዳዋ ፀሐይ ሰሌዳውን የምትመታው ደግሞ ባትሪው ገና በረዶ ሳለ ነው። ሙቀቱን ለክቶ መሙላትን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ከሌለው አይሞከር። ባትሪውን ከብርድ ለመሸሸግ አፈር ውስጥ መቅበር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሽቦውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን ያ ምድር የግዙፉ ፍልፈል መሆኑን አስታውሱ። ቀይ ቀበሮ ያን ሁሉ ቀን የሚያደባው ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛውም ድንጋይ ቢመረጥ ሦስት ነገሮችን ከተማሪዎቼ እጠይቃለሁ። በአንድ ጥናት ውስጥ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ድንጋይ ይሁን፤ ለላይኛው የተሻለውን፣ ለታችኛው የተረፈውን መስጠት ሌላ ልዩነት መፍጠር ነው። መሣሪያው ወደ መስክ ከመሄዱ በፊት ሙሉ ሰሌዳው ተጭኖበት በፍሪዘር ውስጥ ይደር፤ ጠዋት የተቀረጸው ድምፅ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ቢሆንም ያ ፋይል ከብዙ የማስታወቂያ ወረቀት ይበልጣል። ሦስተኛውም በየፋይሉ የተመዘገበው የቮልቴጅና የሙቀት መጠን ይነበብ። ለምሳሌ ኦዲዮሞዝ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በእያንዳንዱ ፋይል መግቢያ ላይ ይጽፋቸዋል፤ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው። ሲነበቡም ሰዓቱን ልብ በሉ፤ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ እኛ ንጋት 12 ሰዓት የምንለው፣ የእጅ ስልካችን 6፡00 የሚለው፣ በፋይሉ ስም ላይ 03 ሆኖ ይገኛል። የሦስት ሰዓት አቆጣጠር ባለበት አገር የንጋት መረጃ ጎደለ አልጎደለም ብሎ መከራከር ቀላል አይደለም።

መረጃው ከጎደለ ደግሞ ማወዳደር የሚገባው በሁሉም ጣቢያዎች በተሟላ የተቀረጹትን ሰዓቶች ብቻ ነው። ብዙ ድምፅ ከመጣል የሚያሳዝን ነገር የለም፤ እኔ ግን ግማሹን ጥሎ የቀረውን የሚያምን ተማሪ እመርጣለሁ።

አንድ የመጨረሻ ስሌት ልጨምር። አርባ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ድንጋይ፣ በዓመት ስምንት ቅያሪ ቢኖር 960 ድንጋይ ይሆናል። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች እስከ ቆላው ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣሉ። ስለዚህ በእኔ ሥር የሚሠራ ማንኛውም የመስክ ቡድን ይዞት የወጣውን ድንጋይ ቆጥሮ ይመልሳል፤ የወጣውና የተመለሰው ቁጥር ካልተመሳሰለ የመስክ ሪፖርቱን አልፈርምም። እየተሞላ የሚያገለግለውን ከመረጣችሁ ለመቀያየሪያ የሚሆነውን ጨምሮ 240 ይበቃችኋል።

ሦስት ዓይነት ድንጋዮችን ከበረዶ ማስቀመጫ ጋር አምጥቻለሁ፤ ቮልት መለኪያውም ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀርባችሁ እየለካችሁ ጥያቄያችሁን ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል።