የቪዲዮው ወጪና የየቲሞች አማና
(በአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

የየቲሞችን ኑሮ የሚያሳይ ቪዲዮ በባለሙያ እናሠራ የሚለው ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ አንድ አባት «ደብተር ያጣ ልጅ እያለ ለካሜራ ብር ይወጣልን?» ሲሉ ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለየቲም ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ አማና ነው፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ በዚህ ረገድ ያስጠነቀቀውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም የቪዲዮው ወጪ ለዚሁ ጉዳይ ብለው ከሚሰጡ ሰዎች ብቻ ይሰበሰብ፤ መዝገቡም ለብቻው ይሁን። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ይሁንና ያለ አግባብ መቆጠብ ምን እንደሚያስከትል በራሳችን አይተናል። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስናሠራ ወጪ ለመቀነስ ብለን የድምፅ ባለሙያውን ከበጀቱ ሰረዝን። ካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን ይበቃል ብለን ነበር። ኋላ ስናዳምጠው የጎረቤት ወፍጮ ጩኸት የልጁን ቃል ውጦታል። ልጁ ስለ አባቱ ሞት የተናገረውን በሌላ ቀን እንዲደግመው አደረግን፤ በሁለተኛው ጊዜ አለቀሰ። የኪራዩ ወጪ እጥፍ መሆኑ በሒሳብ መዝገባችን ሰፍሯል። የልጁን ነገር ግን በየትኛው ዓምድ እንደምናሰፍረው አናውቅም።

በጀት ሲነደፍ ብዙ ሰው የሚያስበው የቀረጻውን ቀን ብቻ ነው። እርግጥ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ድምፁ፣ መኪናውና የባለሙያዎቹ ምግብ በቀን የሚታሰቡ በመሆናቸው ገንዘቡን የሚበላው ይህ ክፍል ነው። ነገር ግን ጽሑፉ አስቀድሞ ካለቀ፣ ቦታው ከታየና የአሳዳጊዎች ፈቃድ በጽሑፍ ከተያዘ በ5 ቀን የታሰበው በ3 ቀን ሊያልቅ ይችላል። ቅንብሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀረጻው ይልቅ ብዙ ቀን ይወስዳል። ባለሙያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስንት ጊዜ እንደሚያርም በውሉ ካልተጻፈ፣ እያንዳንዱ እርማት አዲስ ሒሳብ ያመጣል። ነሺዳ የሚገባበት ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀረጻው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢበላሽ ልጆቹን እንደገና ማስቸገር አይገባም። ከያንዳንዱ 100 ብር 10 ብር ላልታሰበ ወጪ እናስቀር። የድምፅ ባለሙያው ክፍያ ግን የሚሰረዝ አይደለም።

ረቂቁ ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መመልከት ይቻላል። ጥያቄውን ያነሡት አባት አስቀድመው እንዲያዩት ጠይቀናቸዋል።