ጭድ፣ የብረት ክርና ራሱን የሚሞላ አርማታ

(በሐረር ፈረስ መጋላ ለሰበካ ጉባኤ የግንባታ ኮሚቴዎችና ለግንበኞች ከቀረበ ንግግር)



ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጠኛው መተላለፊያ ስንዘልቅ ግድግዳ ከግድግዳ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ እናገኘዋለን። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ጀጎል፣ በድንጋይና በጭቃ ከታነጹ ቤቶች አጠገብ የውኃ ማጠራቀሚያ ስንሠራ የቫይብሬተሩ ንዝረት የጎረቤትን አሮጌ ግንብ ሊያናጋ ይችላል። ቫይብሬተሩን ብንተወው ደግሞ አርማታው በፌሮው መካከል ባዶ ቦታ ይዞ ይቀራል፤ ውኃውም በዚያ ይሾልካል።

በጃፓን ፕሮፌሰር ሐጂሜ ኦካሙራ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሰቡት ራሱን የሚሞላ አርማታ በ1988 በሙከራ ታየ። መነሻው የሠለጠነ ሠራተኛ እጥረት ነበር። ይህ አርማታ በገዛ ክብደቱ ፈስሶ ካሳፎርማውን ይሞላል። ምሥጢሩ ውኃ ማብዛት አይደለም (ግንበኞቻችን ይህን ልብ በሉልኝ)፤ ጠጠሩን መቀነስ፣ ደቃቁን ዱቄት ማብዛት፣ አፍሳሽ ኬሚካሉንም በልክ መጨመር ነው።

ሆኖም እርሱም እንደ ማንኛውም አርማታ ሲሳብ ይሰነጠቃል። አባቶቻችን ጭቃን ያለ ጭድ አያቦኩም ነበር፤ በዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን ጭድ በከለከለ ጊዜም ሕዝቡ ገለባ ሊለቅም በምድሩ ሁሉ ተበትኗል። የብረት ክር ሥራው የጭዱ ዓይነት ነው፤ ጭነት የመሸከም ኃይሉን ብዙ ሳይለውጥ መታጠፍን እንዲቋቋም ያደርገዋል፣ ከተሰነጠቀም በኋላ አያይዞ ያቆየዋል። የፖሊፕሮፒሊን ክር ደግሞ አርማታው ሳይጠነክር ፀሐይና ነፋስ የሚያመጡትን ስንጥቅ ይቀንሳል፤ ለዚህ በሜትር ኪዩብ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። የብረቱ ክር ግን ከይዘቱ ግማሽ ፐርሰንት ቢሆን 39 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ለሰበካ ካዝና ቀላል አይደለም። ቃጫ ርካሽ ቢሆንም የሲሚንቶው አልካሊ በጊዜ ብዛት ይበላዋልና ለውኃ ጋን አልመርጠውም።

ክር በበዛና በረዘመ ቁጥር ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ክሮቹም ተጠቅልለው በፌሮው መካከል ይወተፋሉ። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የመፈተኛ ሾጣጣ ሞልታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። የተዘረጋው ክብ ከ550 ሚሊ ሜትር ካነሰ ራሱን ይሞላል ማለት አይቻልም፤ ጠጠሩ መካከል ቀርቶ በዳር ውኃ ብቻ ከታየም አታፍስሱት። ፈተናው ክሩ ከገባ በኋላ ይደረግ። ክር ፌሮን ይተካል የሚል ሻጭ ቢመጣ መሐንዲስ የፈረመበትን ስሌት ጠይቁት።