የሚታጠፈው መኪናና ብስክሌተኛው

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፥ በባሕር ዳር ዘንባባ ጥላ ሥር፥ የሽንኩርት ዘንቢል ከኋላው አስሮ ጠርዙን ይዞ በቀጥታ ሲጓዝ የነበረውን ብስክሌተኛ፥ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ቢገጨው፥ ፍሬቻ ማብራቱ ነጂውን ከበደል ያነጻዋልን?

አቅራቢዋ፦ አያነጻውም፥ ወንድሜ፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ፍሬቻ ሐሳብን ይገልጣል እንጂ መንገድን አይሰጥምና፥ የሚታጠፍ ሁሉ በቀጥታ የሚሄደውን አሳልፎ፥ መስተዋት የማያሳየውንም ጎን ዘወር ብሎ አይቶ መታጠፍ ይገባዋል።

አቅራቢው፦ ብስክሌተኛውስ መታጠፍ በጀመረ መኪና ጎን ሾልኮ የገባ እንደ ሆነ?

አቅራቢዋ፦ ያን ጊዜ እርሱም ከጥፋቱ ይካፈላል፤ ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በ2081ኛው አንቀጽ፥ የመኪናውን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህን ዕዳ የሚያቀልለት፥ በ2086ኛው እንደ ተጻፈ፥ የተጎጂው የገዛ ጥፋት ነው።

አቅራቢው፦ እኔስ ነጂ ነኝና ይህ ሕግ ይከብደኛል።

አቅራቢዋ፦ ቸርኬው የተጣመመበት፥ ሽንኩርቱም በአስፋልቱ ላይ የተበተነበት ሰው ግን አይከብደውም።