የስም ዝርዝሩን የሚጠብቀው ባትሪ
በዝቋላ ወረዳ ለዕርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ስለ ዩፒኤስ አያያዝ የተሰጠ ገለጻ




በዚህ ወረዳ እህል ከመጋዘን ወጥቶ ተረጂው እጅ የሚደርሰው በስም ዝርዝር ነው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው፣ ችግሩ ከጎረቤቱ ቢብስ እንኳ፣ ከሚዛኑ ፊት ቆሞ ባዶ ስልቻውን ይዞ ይመለሳል። ዝርዝሩ ቀድሞ በእጅ በተጻፈ መዝገብ ይያዝ ነበር፤ ዛሬ ግን በኮምፒዩተር ላይ ነው። በመሆኑም መብራት በጠፋ ቁጥር ይህን ዝርዝር የሚጠብቀው፣ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ማንም ልብ የማይለው ዩፒኤስ የተባለው ሣጥን ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ መሣሪያ አያያዝ ይሆናል።

የስም ዝርዝር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለዋግ ሕዝብ ማስረዳት አያሻም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍር፣ አያሌ ቤተሰቦች በጉዞው ተለያይተዋል። ማን ከማን ጋር እንደሄደና የት እንደደረሰ በሚገባ ባልተመዘገበበት ሁሉ ፍለጋው ለዓመታት ቆይቷል። በቅርቡም፣ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በሰቆጣ አካባቢ ተጠልለው ዕርዳታ ሲቀበሉ፣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት ነበር። ዝርዝሩ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት መብራቱ አልነበረም ማለት ነው።

ከዝቋላ አጠገብ የሚተኛው የተከዜ ግድብ ሐይቅ በ2002 ዓ.ም. ለተመረቀውና 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ላለው ጣቢያ ውኃ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ከኃይል ማመንጫ አጠገብ መኖር መብራት ላለመጥፋቱ ዋስትና አይሆንም። ስለሆነም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱን መጠባበቂያ ማወቅና መንከባከብ ይገባዋል።

መሣሪያው ሦስት ዐበይት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሌክትሪክ ለባትሪ እንዲስማማ አድርጎ የሚሞላው ቻርጀር ነው። ሁለተኛው ኃይሉን የሚያከማቸው ባትሪ ሲሆን፣ በትናንሾቹ መሣሪያዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የተሠራ፣ ነገር ግን የታሸገና ውኃ የማይጨመርበት ነው። ሦስተኛው የባትሪውን ኃይል መልሶ ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው የሰከንድ አንድ መቶኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ባትሪው ስለሚዞር፣ ኮምፒዩተሩ መቋረጡ ሳይሰማው ይቀጥላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ስላልጠፋ ሥራው መቀጠል የሚችል ይመስለናል። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው የተለመደ ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ይህም ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ በአንድነት 120 ዋት ቢወስዱ፣ በስሌት 42 ደቂቃ ሊሠሩ ይገባ ነበር። ነገር ግን ኢንቨርተሩ ከፊሉን በሙቀት ያባክናል፤ ባትሪም በፍጥነት ሲወሰድበት ያለውን ሁሉ አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ እንኳ 20 ደቂቃ ያህል ቢያሠራ ነው፤ ያረጀው ከዚያም ያንሳል። ይህ ጊዜ የተሰጠን ሥራ እንድንቀጥልበት ሳይሆን የጀመርነውን አስቀምጠን በሥርዓት እንድንዘጋበት ነው።

ነገሩን ከሙያችን ጋር ላዛምደው። በ1970ዎቹ በአገራችን የተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ሲሠራ የኖረው በብድር ነው፤ ዕርዳታ ሰጪው ድርጅት ቃል የተገባለት እህል እስኪደርስ ድረስ ከክምችቱ ይወስድ፣ ሲደርስለትም ይመልስ ነበር። ያልተመለሰ ብድር የሚቀጥለውን ችግረኛ ያስርባል። የባትሪም ሕግ ይኸው ነው፤ ጥቂት ውሰድ፣ ፈጥነህ መልስ፣ መጠኑንም ዘወትር እወቅ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በዩፒኤስ ላይ የሚሰካው ዝርዝሩ ያለበት ኮምፒዩተርና የመገናኛ መሣሪያው ብቻ ይሁን። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ቦታ አያጣብብ። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ጽሕፈት ቤት በእደላ ዋዜማ የደረሰውን በዓይኔ አይቻለሁ። የሌዘር ማተሚያውና የሻይ ማፍያው በዚያው ሣጥን ላይ ተሰክተው ነበር። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ሸክሙን መቋቋም አቅቶት ወዲያው ጠፋ፤ ተከፍቶ የነበረውም የተረጂዎች ዝርዝር ተበላሸ። ከየቀበሌው የመጣውን ወረቀት እንደገና ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሩቅ ቀበሌ አህያ ነድተው የመጡ እናቶች በመጋዘኑ ደጅ አደሩ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሲጮህ ሥራችሁን አስቀምጡ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥም ኮምፒዩተሩን ዝጉ። ከዚያ ዩፒኤሱን ራሱን አጥፉት። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሣጥኑ ብቻ ሲበራ ቢያድር ባትሪው እስከ መጨረሻው ይሟጠጣል፤ ባዶውን የሰነበተ ባትሪም በውስጡ ያለው እርሳስ በሰልፌት ስለሚሸፈን የቀድሞ አቅሙን አያገኝም።

ሦስተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ከመጠቀማችሁ በፊት፣ እንዲሁም ከረጅም መቋረጥ በኋላ፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ይሞላ። በመጋዘን የተቀመጠ ባትሪም ሳይነካ ቀስ በቀስ ይደክማል። መብራት ለወራት በሚጠፋበት ጊዜ በጄኔሬተር ወይም በሌላ መንገድ በየሦስት ወሩ ይሞላ።

አራተኛ፣ ከሙቀት ጠብቁት። የታሸገ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በተከዜ ተዳፋት ላለ የቆላ ጽሕፈት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት፣ ከቆርቆሮ ግድግዳና ከእህል ብናኝ አርቃችሁ አየር በሚዘዋወርበት ሥፍራ አኑሩት።

አምስተኛ፣ ጄኔሬተር ስታስነሡ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እስኪረጋ ጠብቃችሁ ከዚያ ዩፒኤሱን ሰኩ። ኃይሉ የሚዋዥቅ ከሆነ መሣሪያው አልቀበልም ብሎ ከባትሪው መብላቱን ይቀጥላል፤ እናንተ እየሞላ ነው ስትሉ ይሟጠጣል።

ስድስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ አስቸኳይ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚያሠራ በመዝገብ ጻፉ፤ ፈትናችሁ ስትጨርሱም መልሳችሁ ሙሉት። ደቂቃው በአዲስነቱ ጊዜ ከነበረው በግማሽ ሲወርድ ባትሪው ይለወጥ። የተጣለው ባትሪ እርሳስና አሲድ ያለበት ስለሆነ ለልጆች መጫወቻ እንዳይሆን፣ ከውኃም አጠገብ እንዳይጣል፤ ወደመጣበት የዕቃ ግምጃ ቤት ይመለስ።

ስለ ክትባት ማቀዝቀዣም አንድ ቃል ልጨምር። የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሣ ከሚሠራበት ኃይል ብዙ እጥፍ ስለሚስብ በጽሕፈት ቤት ዩፒኤስ ላይ ፈጽሞ አይሰካ። በዓለም ዙሪያ በርካታ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ባትሪ የሌላቸውን የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች መጠቀም ጀምረዋል፤ እነዚህ ቀን በፀሐይ ኃይል በረዶ ሠርተው ሌሊቱን በዚያው ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያቆያሉ። ወደዚህ የተሻገሩበት ዋና ምክንያት በቀድሞዎቹ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ዘንድ ቶሎ የሚበላሸውና ተተኪው የማይገኘው ባትሪው ስለነበረ ነው። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው፤ ባትሪ ጠባቂ ከሌለው የመጠባበቂያ ስም እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ዩፒኤስ የሚገዛው በመሥሪያ ቤት በጀት ነው፤ ሲበላሽ ዕዳውን የሚከፍለው ግን በሰልፍ የቆመው ገበሬ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የመሣሪያውን መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ከዚህም ሌላ ዝርዝሩ በተሻሻለ ቁጥር ይታተም፤ አንዱ ቅጂ በመጋዘን፣ አንዱም በቀበሌ ይቀመጥ። ባትሪው ደቂቃዎችን ይሰጠናል፤ ወረቀቱ ግን መብራቱ እስኪመለስ ይጠብቀናል።