ተናጋሪው ሳይጨርስ

ሴት አቅራቢ፦ የሰው ወሬ መሃል መግባት እንደ ተሳትፎ መታየቱ ያሳስበኛል። እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ፣ የኢቱ ኦሮሞ መሰብሰቢያ በሆነው ኦዳ ቡልቱም፣ ጉባኤተኛ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በምክክር የቆመ ነው፤ ሰው ካልተደመጠ ምክክር የለም።

ወንድ አቅራቢ፦ ጉባኤና የጫት ላይ ጨዋታ ግን አንድ አይደሉም። በ2009 እ.ኤ.አ. በአስር ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ በሁለት ተናጋሪዎች መካከል ያለው ዝምታ በአማካይ የሰከንድ ሁለት አስረኛ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጨዋታ ሲሞቅ መደራረብ ያለ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ጥናቱ እኮ የሚያግዘው እኔን ነው! ክፍተቱ ያጠረው አድማጩ የንግግሩን ማብቂያ አስቀድሞ ስለሚገምት ነው፤ ለመገመት ደግሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል። «እህ»፣ «እሺ» ማለት ቀጥል ማለት ነው፤ አፍ መንጠቅ ሌላ ነው። መቻራ ገበያ ላይ ቡና ሻጭዋ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ቃል ፍለጋ ለአፍታ ብታቆም፣ ደላላው ዋጋውን ራሱ ይናገርላታል። የተወሰደባት ቃል ብቻ አይደለም፣ ድርድሩ ጭምር ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ በቦታው በሌለ ሰው ላይ ሐሜት ሲወራስ?

ሴት አቅራቢ፦ ያኔ አቋርጥ። እሱ ለራሱ የሚናገርበት ዕድል የለውም።